ጢስና አስም፦ ትንፋሽ ሲያጥር ምን እናድርግ?

እንደሚታወቀው በገዳሪፍ አካባቢ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆንና ደጅ የነበረው ምድጃ ወደ ጎጆ ይገባል። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ በሩም ዝናብ እንዳያስገባ ይዘጋል። ጀበና ተጥዶ ዕጣን ሲጨስ፣ ለትንኝ ማባረሪያ ቅጠል ሲነድ፣ አስም ያለበት የቤተሰብ አባል ደረቱን ይዞ ትንፋሽ ያጥረዋል።

አስም በሳንባ ውስጥ አየር የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች በቀላሉ የሚቆጡበት በሽታ ነው። ጢስ ሲነካቸው በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ውስጣቸው ያብጣል፤ አክታም ይሞላቸዋል። በተለይ አየር ማስወጣት ስለሚያስቸግር ደረት እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የመጠጫ ዕቃ መለየትም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 455 ሺህ ያህል ሰዎች በአስም እንደሞቱ ይገምታል።

በአገራችን የታመመን ሰው «ምች ነው» ብሎ ጋቢ አከናንቦ ማጠን የተለመደ ነው። በቅን ልቦና የሚደረግ ቢሆንም ትንፋሽ ላጠረው ሰው እሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነው። የወይባ ጢስም ሆነ ሱዳናውያን ዱኻን የሚሉት ለአስም በሽተኛ አይስማማም። ከሰልም ቢሆን ጢሱ ባይታይ መርዘኛ ጋዝ ስላለው በተዘጋ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

ስለዚህ ሕመሙ ሲነሣ በመጀመሪያ በሽተኛውን ጢስ ወደሌለበት ቦታ ያውጡት። አያስተኙት፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ልብሱም ይላላ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠው ሳልቡታሞል ፓፍ ካለ ይወዝውዙና አንድ ጊዜ ይንፉለት፤ አራት ጊዜ ይተንፍስ። ይህን አራት ጊዜ ይድገሙ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው እንደገና አራት ይስጡት፤ ወደ ሐኪም ለመሄድም ይነሡ።

ልጆች ፓፉን በቀጥታ መሳብ ስለሚያቅታቸው መድኃኒቱ አፋቸው ውስጥ ይቀራል። ለዚህ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። በደንብ ታጥቦ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፤ ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይገባበታል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። ነገሩ ቀልድ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት ጠርሙሱ ከፋብሪካው ዕቃ ጋር እኩል ሠርቷል።

በሽተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም ሕፃኑ መጥባት ካልቻለ ንጋትን አይጠብቁ። በሽተኛው እየደከመ ፉጨቱ ቢጠፋም ተሻለው አይበሉ፤ አየር መግባት ማቆሙ ሊሆን ይችላል። በመንገድም ላይ ፓፉን መስጠትዎን ይቀጥሉ።