ላክሽሚ ፕራሳድ ዴቭኮታ፦ የገበሬውን ዜማ ለሊቃውንት ያስከበሩ ባለቅኔ

የኔፓል ሕዝብ «ማሃካቪ»፣ ማለትም ታላቁ ባለቅኔ፣ እያለ የሚጠራቸው ላክሽሚ ፕራሳድ ዴቭኮታ በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካትማንዱ ተወለዱ። ዘመኑ የራና ቤተሰብ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን እንደ ርስት እየተወራረሰ አገሪቱን የገዛበት (1846–1951)፣ መጽሐፍም ያለ መንግሥት ፈቃድ የማይታተምበት ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ የባለቅኔው ሥራ ስለ ቋንቋና ስለ ስደት የሚያስተምረንን ለመመርመር እንሞክራለን።

በ1936 የወጣው «ሙና ማዳን» የዝናቸው መሠረት ነው። ከዚያ በፊት የተከበረ ግጥም የሚባለው የሳንስክሪትን ምጣኔ የተከተለው ነበር፤ «ጅያውሬ» የሚባለውን የተራራ ገበሬዎች ዜማ ግን ሊቃውንቱ ይንቁት ነበር። ዴቭኮታ ይህንኑ የተናቀ ዜማ መረጡ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ማዳን አሮጊት እናቱንና ሚስቱን ሙናን ትቶ ሀብት ፍለጋ ወደ ላሳ ይሄዳል። ሲመለስ ታሞ ባልንጀሮቹ በመንገድ ጥለውት ሲሄዱ፣ በወገኖቹ ዘንድ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ አንድ ቲቤታዊ ያድነዋል። አገሩ ሲገባ ግን ሙናንም እናቱንም ሞት ነጥቆታል።

ባለቅኔው የሕዝቡን ዜማ የመረጡት የሊቃውንቱን መንገድ ስላላወቁ አልነበረም። በሳንስክሪት ምጣኔ የተጻፈውን «ሻኩንታላ» የተባለ ረጅም ድርሳነ ግጥም በ3 ወር እንደ ጨረሱት ይነገራል። ኑሯቸው ግን በድህነት የተፈተነ ነበር፤ ቤተሰባቸውን ያስተዳደሩት በአብዛኛው ተማሪዎችን በየቤታቸው በማስተማር ነው። በ1939 በራንቺ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለወራት ቆዩ፤ ኋላ «ፓጋል» (እብዱ) በተሰኘው ግጥማቸው ጤነኛ ነኝ ባዩን ዓለም መልሰው ጠየቁት። በ1947 ወደ ባናራስ ተሰደው የራናን አገዛዝ በሚቃወመው «ዩግባኒ» ጋዜጣ ዝግጅት ተካፈሉ። በ1957 ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1959 በካንሰር በሽታ ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት፣ ሌላው ሥራዬ ሁሉ ቢቃጠል «ሙና ማዳን» ብቻ ይቅር ማለታቸው ይወሳል።

ለምን ይህችን ቀጭን መጽሐፍ መረጡ? ማንበብ የማይችለው ሰው ጭምር በቃሉ ይዞ ስለሚያዜማት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ዛሬ የኔፓል ወጣቶች፣ እንደ እኛ ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ፣ የሚጓዙት ወደ ላሳ ሳይሆን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው፤ ደጅ ደጁን የምታይ እናት ግን ዛሬም አለች። በባዕድ አገር ተቀምጠን ስለ ሕዝባችን የምንጽፍ እኛም፣ የምንጽፈው እርሷ በምትሰማው ቋንቋ መሆኑን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።