«ፍሌክሰብል ነው» ሲሏችሁ «ለማን?» በሉ

ቴሌግራም ላይ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ «የሥራ ሰዓት፦ ፍሌክሰብል» የሚል ማስታወቂያ አይታችኋል። የብድር ውል ላይ ደግሞ «ተለዋዋጭ ወለድ» የሚል አለ። ሁለቱም ለጆሮ ደስ ይላሉ። ግን የሚለውጠው ማነው?

እኔ አንድ የፍሪላንስ ሥራ «ሰዓቱ ፍሌክሰብል ነው» ተብዬ ጀመርኩ። የገባኝ «ሲመቸኝ እሠራለሁ» የሚል ነበር። ለአሠሪዬ ግን ትርጉሙ «ሲመቸኝ እደውላለሁ» ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት «አሁን ይፈለጋል» ስባል ውሉን አየሁት፤ ስለ ሰዓት አንድም መስመር የለውም።

ችግሩ ቃሉ ላይ ነው። «ተለዋዋጭ» ማለት ይለወጣል ማለት እንጂ ለእናንተ ይመቻል ማለት አይደለም።

📌 ሥራ ላይ
ተቀጣሪ ከሆናችሁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለላችሁ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75 እጥፍ ይከፈላል። በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። «ፍሌክሰብል» የሚል ቃል ይህን አይሰርዝም።

በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ፍሪላንሰርን ግን አዋጁ አይሸፍነውም። ያለው መከላከያ ውሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትገኙበትን ሰዓትና ከዚያ ውጪ ያለውን ክፍያ አስጽፉ።

📌 ብድር ላይ
እዚህ «ፍሌክሰብል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ የመክፈያ ጊዜውን እናንተ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ይሄ ለእናንተ ነው። ሁለተኛው፣ ባንኩ ወለዱን መጨመር ይችላል፤ ይሄ ለባንኩ ነው።

በቁጥር እንየው። 100,000 ብር ለ1 ዓመት ተበድራችሁ ሁሉንም መጨረሻ ላይ ትከፍላላችሁ እንበል። በ15 በመቶ ወለዱ 15,000 ብር ነው። በ18 በመቶ ቢሆን 18,000 ይሆናል። አንድ ብር ሳትጨምሩ የተበደራችሁት ብድር 3,000 ብር ጨመረባችሁ ማለት ነው።

📌 ከመፈረም በፊት ሦስት ጥያቄ
1. ምኑ ነው የሚለወጠው? ሰዓቱ፣ ክፍያው ወይስ ወለዱ?
2. የመለወጥ መብቱ የማን ነው?
3. ሲለወጥ ከስንት ቀን በፊት ይነገረኛል?

መልሱ በቃል ከሆነ «እሺ፣ እሱን እዚህ ጻፉልኝ» በሉ። ለመጻፍ ካቅማሙ፣ ፍሌክሰብሉ ለማን እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ።

እናንተስ «ፍሌክሰብል» ተብላችሁ ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።