ተጨማሪ መረጃ፦ «ራሾሞን» በጥበብ ሲኒማ ቤት
በአኪራ ኩሮሳዋ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1950 በጃፓን ለእይታ የበቃው «ራሾሞን»፣ በ1951 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ማለትም ወርቃማውን አንበሳ፣ ከተሸለመ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በኒው ዮርክ ከተማ ሊትል ካርኔጊ በተባለ የጥበብ ሲኒማ ቤት ለሕዝብ ቀረበ። የጥበብ ሲኒማ ቤት የሚባለው ለገበያ ተብለው ከሚሠሩ ፊልሞች ይልቅ የውጭ አገርና ቆየት ያሉ ሥራዎችን እየመረጠ የሚያሳይ፣ ብዙውን ጊዜም አነስተኛ የሆነ አዳራሽ ነው። ስለ አንድ ሳሙራይ፣ ማለትም ስለ አንድ የጃፓን የጦር ባላባት፣ አሟሟት የተሰጡ እርስ በርስ የሚቃረኑ አራት ምስክርነቶችን በሚያቀርበው በዚህ ፊልም፣ የካሜራ ባለሙያው ካዙዎ ሚያጋዋ ካሜራውን በቅጠሎች መካከል በቀጥታ ወደ ፀሐይ አነጣጥሮ የቀረጻቸው ትዕይንቶች ስላሉ፣ የብርሃኑና የጥላው ፍልሚያ በሙሉ ኃይሉ የሚታየው በጨለማ አዳራሽ፣ በሰፊ ሸራ ላይ ነው። በትንሽ ስክሪን የተመለከተው ሰው ታሪኩን ተረዳ እንጂ ፊልሙን አየ ለማለት ያስቸግራል።