አንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ግራም ነው?

ግራም የሚነግረን ክብደትን ነው፤ ኩባያ የሚነግረን ነገሩ የያዘውን ቦታ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እፍግታ ሲሆን እሱም ከእህል እህል፣ ከቅመም ቅመም ይለያያል። የአሜሪካ የመለኪያ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በውኃ ሲሞላ 237 ግራም፣ በዘይት 218፣ በስኳር 200፣ በማር 340 ግራም ያህል ይመዝናል። ፉርኖ ዱቄት ግን ከ120 ግራም ብዙም አይርቅም፤ ያውም በቀስታ ከተሰፈረ ነው።

የዱቄት ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል። ዱቄት አየር ያቅፋል። በማንኪያ እየቀዱ ኩባያው ላይ ቢያፈሱት 120 ግራም የሚመዝነው ዱቄት፣ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ደፍቀው ቢቀዱት 150 ሊደርስ ይችላል። አራት ኩባያ የሚጠይቅ ዳቦ እንጋግር እንበል። አንዷ 480 ግራም ትሰፍራለች፣ ሌላዋ 600። ሁለቱም 320 ግራም ውኃ ቢጨምሩ፣ በመጀመሪያዋ ሊጥ ውኃው የዱቄቱን ክብደት ከመቶ 67 እጅ ሲሆን በሁለተኛዋ 53 ብቻ ነው። አንዱ ለስላሳ ሆኖ ይነፋል፣ ሌላው እጅ ያደክማል፣ ዳቦውም ድርቅ ይላል። ሁለቱም የተባለውን አድርገዋል፤ ጥፋቱ የመለኪያው ነው።

ፋኒ ፋርመር በ1896 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ፣ ኩባያና ማንኪያ አፋቸው ላይ በቢላ ተልጎ እንዲሰፈር አጥብቃ አስተምራለች። ትልቅ እርምጃ ነበር። ቁልሉን አስቀረ፤ ከሥር ያለውን መጠቅጠቅ ግን ቢላ አይደርስበትም።

ኩባያውም ቢሆን እንደ አገሩ ነው፤ አውስትራሊያ 250፣ ጃፓን 200 ሚሊ ሊትር ነው። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የአሜሪካው 15 ገደማ ይይዛል።

እኛም በስፍር ያደግን ነን፤ እህሉ በቁና፣ ሽሮው በጣሳ። ዋሽንግተን ያለች ልጅ እናቷን በስልክ ስትጠይቅ «ሁለት ስኒ በርበሬ» ብትባል፣ የተባለው የእናቷ ስኒ ነው። ወጥ እየተቀመሰ ስለሚስተካከል ጉዳቱ ትንሽ ነው። ምጣድ ላይ የወጣ ዳቦ ግን አይስተካከልም፤ ስለዚህ ለሊጥ ሚዛን ይሻላል እላለሁ።

የቤትዎን ስኒ ወደ ግራም መቀየር ቀላል ነው። ባዶውን ስኒ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ውኃ ሲሞሉት የሚያዩት ግራም የስኒው ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ ያድርቁትና ሁልጊዜ በሚሰፍሩበት መንገድ ሽሮ ሞልተው ይመዝኑ፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙና መካከለኛውን ቁጥር የሽሮው ዕቃ ላይ ይጻፉ። በርበሬውንም እንዲሁ። አዲስ የተፈጨና ቆይቶ የረጋ በርበሬ እኩል ስለማይመዝን፣ ሲፈጭ እንደገና መመዘን ያስፈልጋል።

ጥቂት ለሚገቡ ነገሮች ግን ማንኪያ ሚዛንን ይበልጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ያህል ነው፤ በ1 ግራም የሚቆጥር የወጥ ቤት ሚዛን ይህን ያህል ትንሽ ነገር በትክክል አይለይም። ጨው ሲሆን ዓይነቱ ይታይ፦ ደቃቁ በሻይ ማንኪያ 6 ግራም ሲመዝን፣ ስስ ቅርፊት የሚመስለው ጨው ግማሹን ያህል ብቻ ሊመዝን ይችላል።