ነጭ ባልሳሚክ አቼቶ፡- ምንነቱ፣ አጠቃቀሙና በደቡብ ጎንደር ማር የሚተካበት መንገድ

በአዲስ አበባ ከውጭ የሚገቡ የምግብ ሸቀጦች በሚሸጡባቸው መደብሮችና በትላልቅ ሆቴሎች ወጥ ቤቶች ከሚገኙ ማጣፈጫዎች መካከል ባልሳሚክ የተሰኘው የጣሊያን አቼቶ አንዱ ነው። ከዚህ አቼቶ ነጩ ዓይነት የምግብን ቀለም ሳይለውጥ ጣፋጭና ኮምጣጣ ጣዕምን አዋህዶ ስለሚሰጥ ለሰላጣ፣ ለዓሣና ለቀዝቃዛ መጠጦች ይመረጣል። የአሠራሩ መሠረት ግን ጠላ በሚጠመቅበትና ጠጅ በሚጣልበት በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ከሚታወቀው የመፍላት ሂደት የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ያለው በሥርዓት በመምራቱና የአሲዱን መጠን ለክቶ በማወቁ ላይ ነው።

በሀገራችን በስፋት የሚታወቀው አቼቶ የሚለው ስያሜ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ደግሞ ሆምጣጤ የሚል ስም ይዟል። ባልሳሚክ የሚለው ቅጽል በለሳን ከሚለው ቃል ጋር አንድ ምንጭ አለው። ስያሜው ቀደም ሲል ይህ አቼቶ እንደ መድኃኒት ይታይ እንደነበር ያስታውሳል እንጂ በውስጡ የበለሳን ዘይት የለበትም።

የባልሳሚክ አቼቶ መገኛ በሰሜን ጣሊያን የሚገኙት የሞዴናና የሬጆ ኤሚሊያ አካባቢዎች ናቸው። ባህላዊው ዓይነት የወይን ጭማቂ በዝግታ እሳት ተቀቅሎ ከወፈረ በኋላ በእንጨት በርሜሎች ውስጥ ቢያንስ 12 ዓመት፣ የላቀ ደረጃ የሚሰጠው ደግሞ ቢያንስ 25 ዓመት የሚቆይ ነው። በብዛት ለገበያ የሚቀርበው የሞዴና ባልሳሚክ አቼቶ የወይን ጭማቂና የወይን አቼቶ ተቀላቅለው የሚዘጋጅ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በአውሮፓ ኅብረት የመልክዓ ምድር መለያ ተሰጥቶት የስሙ አጠቃቀም በሕግ ተጠብቋል።

ነጩ ዓይነት የሚለየው በአዘገጃጀቱ ነው። ለዚህ የሚውለው የነጭ ወይን ጭማቂ ስኳሩ እንዳያርና ቀለሙ እንዳይጠቁር በጥንቃቄ ከወፈረ በኋላ ከነጭ ወይን አቼቶ ጋር ይዋሐዳል። በርሜል ውስጥ ቢቆይም ጊዜው አጭር ነው። በመሆኑም ቀለሙ ከነጭ ማር ብርዝ ጋር የሚመሳሰል፣ ጣዕሙም ከጥቁሩ የለዘበ ይሆናል። የሞዴናው መለያ የሚሰጠው ቀለሙ ለጠቆረው ዓይነት ስለሆነ ነጩ በጣሊያን ገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው ‹‹ነጭ ማጣፈጫ›› በሚል ስያሜ ነው። ገዢው በጠርሙሱ ላይ መለያውን ባያይ አቼቶው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም።

ማንኛውም ከፍሬ፣ ከእህል ወይም ከማር የሚገኝ አቼቶ በሁለት ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ጠላና ጠጅ የሚገኙት በዚህ ደረጃ ነው። በሁለተኛው አሴቶባክተርን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን እየታገዙ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ይህ ለውጥ የሕያዋን ረቂቅ ተዋሕስያን ሥራ መሆኑን ያሳየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860ዎቹ ነበር። አፉ ሳይከደን ብዙ ቀን የቆየ ጠላ የሚኮመጥጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ አሴቲክ አሲድ በፋብሪካ ተመርቶና በውኃ ቀጥኖ ለምግብ ማጣፈጫነት ይሸጣል። ይህ ዓይነቱ ኮምጣጣነት ቢኖረውም ከመፍላት የሚገኘው መዓዛ ይጎድለዋል። ያልቀጠነው አሲድ ደግሞ ቆዳንና ጉሮሮን የሚያቃጥል በመሆኑ ወደ ወጥ ቤት መግባት የለበትም። ሸማቹ አቼቶው ከምን እንደተሠራ፣ የአሲዱ መጠን በመቶ ስንት እንደሆነና ስኳር ወይም መጠበቂያ ኬሚካል የተጨመረበት መሆኑን ከገላጭ ጽሑፉ አንብቦ መግዛት ይኖርበታል።

ነጭ ባልሳሚክ አቼቶ ለምግብ ሲውል ዋነኛ ጠቀሜታው ቀለም አለመንካቱ ነው። ከጋይንትና ከፋርጣ ደጋ በሚመጣው ድንች በሚዘጋጅ ሰላጣ፣ በጥቅል ጎመን፣ በሽንኩርትና በጣና ዓሣ ላይ ሲጨመር ምግቡ እንደነበረ ይታያል። ለሰላጣ 1 እጅ አቼቶ ከ2 እጅ ዘይት ጋር በጨውና በቁንዶ በርበሬ መምታት ይበቃል። በጾም ወቅት ለሚዘጋጀው አዚፋ በሎሚ ፋንታ ቢገባ የሰናፍጩን ኃይል ያለዝበዋል። በትኩስ ምግብ ላይ ሲሆን ግን መዓዛው በእንፋሎት እንዳይጠፋ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ መጨመሩ ይመረጣል።

አቼቶን ከማር ጋር አዋህዶ መጠጣት በዓለም ላይ የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ግሪኮች ማርና አቼቶን ቀላቅለው ይጠቀሙ ነበር፤ ኢራናውያን ደግሞ ከናና ጋር የሚዘጋጀውን ሰካንጃቢን እስከ ዛሬ በበጋ ወራት ይጠጡታል። በሀገራችንም 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ባልሳሚክ አቼቶ በአንድ ብርጭቆ አምቦ ውኃ ወይም በቀጭን ብርዝ ውስጥ ቢጨመር አልኮል የሌለው የእንግዳ መቀበያ መጠጥ ይሆናል።

ይሁንና አቼቶ መድኃኒት አይደለም። ሳይቀጥን በተደጋጋሚ የሚጠጣ አቼቶ የጥርስን ገለባ ይጎዳል፤ የጨጓራ ሕመም ላለባቸው ሰዎችም ላይስማማ ይችላል። ነጩ ባልሳሚክ የወይን ስኳር ስላለበት የስኳር ሕሙማን መጠኑን ሊያስቡበት ይገባል። ማር የገባበት ማንኛውም መጠጥ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃናት አይሰጥም።

የውጭውን አቼቶ ማግኘት ለማይችል ቤተሰብ ተመሳሳይ ጣዕም ማዘጋጀት አይከብድም። 3 የሾርባ ማንኪያ የወይን ወይም የፖም አቼቶ ከ1 የሻይ ማንኪያ ነጭ ማር ጋር ሲዋሐድ ለሰላጣና ለመጠጥ የሚበቃ ምትክ ይሆናል። ለደቡብ ጎንደር የበለጠ ትርጉም የሚኖረው ግን አቼቶውን ራሱን ከማር ማዘጋጀት ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደመሆኗ፣ ከአደይ አበባ ወቅት በኋላ የሚቆረጠው የደጋ ማር ከጠጅ ባሻገር ሌላ መዋያ ሊያገኝ ይችላል።

ስሌቱ የሚከተለው ነው። 150 ግራም ያህል ማር በውኃ ተበጥብጦ 1 ሊትር ሲሞላና ሙሉ በሙሉ ሲፈላ 7 በመቶ ገደማ አልኮል ይሰጣል። ከዚህ አልኮል ደግሞ በጥሩ አያያዝ ከ5 በመቶ የማያንስ አሲድ ማግኘት ይቻላል። በዚህ መሠረት 1 ኪሎ ግራም ማር ወደ 6 ሊትር አቼቶ ሊወጣው ይችላል ማለት ነው። ጠንካራ ጠጅ ባክቴሪያዎቹን ስለሚያዳክማቸው በውኃ መቅጠን አለበት። ጌሾ ምሬት ስለሚያሳድር ለአቼቶ የሚጣለው የማር ፍል ያለ ጌሾ ቢሆን ይመረጣል።

ለጠጅ እንስራው ይከደናል፤ ለአቼቶ ግን አየር ያስፈልጋል። ስለሆነም አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። አሲዱ ብረትን፣ መዳብንና አሉሚኒየምን ስለሚበላ እነዚህ ዕቃዎች አያገለግሉም። ባክቴሪያዎቹ በደንብ የሚሠሩት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት ነው። በጉና ተራራ አቅራቢያ ባለው ብርድ ሂደቱ ይጓተታል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የፎገራ ሜዳ፣ በወረታ አካባቢ ግን ይፋጠናል። ማሩ ከደጋው፣ የማኮምጠጡ ሥራ ከሜዳው ቢሆን ሁለቱ አካባቢዎች ይደጋገፋሉ።

ጉዳዩ ከጣዕም አልፎ የኑሮ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በፎገራ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በአንድ ጊዜ ገበያ ሲሞላ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም ይበሰብሳል። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቃሪያ በአቼቶ ተዘፍዝፈው ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን የአቼቶው አሲድ 5 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑ ሲረጋገጥና በመዘፍዘፊያው ውስጥ አቼቶው ከውኃው ሳያንስ ሲቀር ነው። የታሸገው ምግብ የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒ ኤች ከ4.6 በላይ ከሆነ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ገዳዩን ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። መርዙ ጣዕምም ሆነ ሽታ ላይኖረው ስለሚችል በምላስ ቀምሶ ማወቅ አይቻልም።

ከፍታውም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋው ደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት በባሕር ጠለል ደረጃ ታሽገው 10 ደቂቃ በፈላ ውኃ ውስጥ እንዲቀቀሉ የሚመከሩ በአቼቶ የተዘፈዘፉ አትክልቶች በዚህ ከፍታ ወደ 20 ደቂቃ ሊቆዩ ይገባል። ከውጭ ሀገር መጻሕፍት የሚወሰድ የአዘገጃጀት መመሪያ ይህንን ሳያገናዝብ ለማኅበራት ቢሰጥ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በቤት ውስጥ የተዘጋጀና አሲዱ ያልተለካ አቼቶ ለሰላጣና ለመጠጥ ይውላል እንጂ ምግብን ለማቆየት አይውልም። መለካቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ፊኖልፍታሊን ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በሠለጠነ ባለሙያ ሊያከናውነው የሚችለው ተግባር ነው።

በሀገሪቱ የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመራ እንደመሆኑ፣ አቼቶን ለገበያ ለማቅረብ የሚነሱ ማኅበራት ከጅምሩ የሚመለከታቸውን አካላት መስፈርት ሊያሟሉ ይገባል። በየደረጃው የሚገኙ የግብርና፣ የኅብረት ሥራና የንግድ ጽሕፈት ቤቶችም ቀፎ ከማከፋፈል ባሻገር የአሲድ ልኬት አገልግሎት የሚገኝበትን መንገድ ቢያመቻቹ፣ ሲኮመጥጥ ይደፋ የነበረው የማር ፍል በጠርሙስ ታሽጎና መጠኑ ተጽፎበት ለገበያ የሚቀርብበት ዕድል ይሰፋል።