ያውቁ ኖሯል? የደም ግፊት ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ጊዜ አለ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ቡና እየጠጣ «ግፊቴ ጨመረ» ያለ ሰው «ጨው ቀንስ» ይባላል፤ ደግ ምክር ነው። አንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ሌሎቹ ሥሮች ሊኮማተሩና አንጎል ደም ሊያጥረው ይችላል፤ የታማሚው ምላስ ይተሳሰራል፣ አንድ እጁ ይዝላል። ያኔ ሐኪሞች የፈነዳው ሥር መደፈኑን አረጋግጠው እንደ ኖርአድሬናሊን ባለ መድኃኒት ግፊቱን ከፍ ያደርጋሉ። ሳይደፈን ከተሞከረ ዳግም ሊፈነዳ ይችላል። የሕክምናው ጥቅም ራሱ ባለሙያዎችን ዛሬም ያከራክራል። ይህ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ነውና እርስዎ የግፊት ክኒንዎን እንዳያቋርጡ። እንደ መብረቅ ድንገት የሚመታ ራስ ምታት ከያዘዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂዱ።