መብራቱ ብስክሌቱን ካላየው ልጅዎ ምን ያድርግ?

ገና ጎህ ሳይቀድ ከቂርያት ሞሼ ተነስቶ ወደ ካፕላን ሆስፒታል ወይም ወደ ሳይንስ ፓርኩ ለፈረቃ ሥራ በብስክሌት የሚሄድ ሰው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥመዋል። ራምዞሩ ቀይ ነው፤ ይቆማል። መኪና የለም፣ እግረኛም የለም። አንድ ደቂቃ ያልፋል፣ ሁለት ደቂቃ ያልፋል፣ ቀዩ አይለወጥም። አቋርጦት የሚያልፈው ትልቁ መንገድ ግን ማንም ሳይሄድበት አረንጓዴ እንደበራለት ይቆያል። በመጨረሻ ከኋላ አንድ መኪና መጥቶ ሲቆም መብራቱ ይለወጣል። ሰውየው «ይህ ራምዞር ሰው ይመርጣል እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም።

ራምዞሩ አልተበላሸም። ብስክሌተኛውን አላየውም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የትራፊክ መብራቶች ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሠሩም። አንዳንዶቹ በሰዓት ብቻ ይሄዳሉ፤ መኪና ኖረም አልኖረም ተራው ሲደርስ ይለወጣሉ። በእነዚህ ላይ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሌሎቹ ግን ከትንሹ መንገድ የሚመጣ ሰው መኖሩን ካላወቁ አረንጓዴውን አይሰጡም። ይህን የሚነግራቸው መሣሪያ በዕብራይስጥ «ጋላይ» ይባላል። ሌሊት፣ ማለዳና ሰንበት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ብስክሌተኛው የሚቸገረው በዚህኛው ዓይነት ነው። ቀን ቀን መኪናው ስለሚያስከፍትለት ችግሩን ላያውቀውም ይችላል።

በብዙ ቦታ ጋላዩ አስፋልቱ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ነው። ከማቆሚያው ነጭ መስመር በፊት አስፋልቱን በመጋዝ ቀጠን አድርገው ይቆርጡታል፣ ሽቦውን ደጋግመው አዙረው ያስገቡታል፣ ከዚያ በጥቁር ማጣበቂያ ይደፍኑታል። በሽቦው ውስጥ ፈጣን የኤሌክትሪክ ሞገድ ይመላለሳል። ብረት ወይም አሉሚኒየም ሲጠጋው ሞገዱ ይለወጣል፤ በመንገዱ ዳር ባለው ሣጥን ውስጥ ያለው መሣሪያም ይህን ለውጥ ያነብና «ሰው መጥቷል» ይላል።

ብዙ ሰው መሣሪያው ክብደት የሚመዝን ይመስለዋል። አይመዝንም። በካንዮን በር ላይ ጥበቃው በሰውነታችን ዙሪያ የሚያዞረውን መፈተሻ ያስቡት። የሚጮኸው ለቁልፋችንና ለቀበቷችን ብረት ነው፤ ወፍራም ቀጭን አይልም። መንገዱ ውስጥ ያለውም ከዚያ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ብስክሌት ላይ ሆኖ መዝለል፣ አስፋልቱን በእግር መደብደብ፣ ከባድ ቦርሳ መሸከም ምንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ብረቱን ሽቦው ካለበት ቦታ ላይ ማድረስ ነው።

እንግዲህ የት ይቁም? ይህን ልጆቻችን ቢያውቁት ግማሹ ችግር ይቃለላል። ከማቆሚያው መስመር በፊት አስፋልቱን ሲያዩት ጥቁር የተደፈነ ስንጥቅ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ሆኖ አንዱ ጎኑ ሁለት ሜትር ያህል ነው። መኪና ሰፊ ስለሆነ የትም ቢቆም ይታያል። ብስክሌት ግን በአራት ማዕዘኑ መካከል ከቆመ በጣም ደካማ ምልክት ነው የሚሰጠው፤ ጨዋ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆማል። መቆም ያለበት በጎኑ መስመር ላይ ነው። ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከተዘረጉት ሁለት መስመሮች አንዱን መርጦ የፊትም የኋላም ጎማ በመስመሩ ልክ እንዲያርፉ ማድረግ አለበት። አንዳንዱ ጋላይ ደግሞ መሐሉን የሚከፍል ሦስተኛ መስመር አለው፤ እንደዚያ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ያ የመሐሉ መስመር ነው።

አስፋልቱ በቅርብ ጊዜ ታድሶ ስንጥቁ የማይታይ ከሆነ የመኪናዎች የቀኝ ጎማ የሚያልፍበት ዱካ ላይ መቆም ጥሩ ግምት ነው፤ የሽቦው ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አይርቅም። ብስክሌቱን ወደ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ትንሽ ማዘንበልም ይረዳል። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፦ አንዳንዱ መሣሪያ ብስክሌቱ ከመስመሩ ላይ ሲነሣ ይረሳዋል። አረንጓዴው እስኪበራ ወደ ፊት ሳይንቀሳቀሱ እዚያው መቆየት ያስፈልጋል።

በገንዘብ በኩል ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። ራምዞር ያስለውጣል ተብሎ ጫማ ሥር ወይም ብስክሌት ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይሸጣል። አይግዙ። ጋላዩ ማግኔት አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ነው የሚፈልገው፤ ማግኔቱ ለማቀዝቀዣዎ በር ይበቃል። ሁለተኛው የካርቦን ብስክሌት ነው። ውድና ቀላል ነው፣ ነገር ግን የካርቦኑ አካል ለጋላዩ እንደ ብረት አይታየውም። የጎማው ቀለበት አሉሚኒየም ከሆነ ግን ብዙም አያስቸግርም። ተራ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ብስክሌት ለዚህ ጉዳይ ከውዱ ይበልጣል።

ሽቦ የሌለበት መስቀለኛ መንገድም አለ፤ እዚያ በምሰሶው ላይ ካሜራ ወይም ራዳር ተሰቅሎ ይጠብቃል። ለእነዚህ ብረት ሳይሆን መታየት ነው ቁም ነገሩ። ከማቆሚያው መስመር አልፎ የሄደ ብስክሌተኛ ከካሜራው ዓይን ይወጣል። መስመሩ ጋ ይቁም፣ ማታ የፊት መብራቱን ያብራ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀዩ ካልተለወጠስ? ከብስክሌቱ ይውረድ፣ እየገፋ ወደ እግረኛ መንገዱ ይሂድ፣ የእግረኛውን ቁልፍ ይጫን፣ አረንጓዴው ሰው ሲበራ እየገፋ ይሻገር። እየነዳ እንዳይሻገር፤ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። «ማንም የለም» ብሎ በቀይ መሻገርን ግን ለልጆቻችን ማስለመድ አደገኛ ነው። በአስተሰርዮ ዕለት መኪና ስለሌለ መንገዱ ሁሉ የልጆች ይሆናል፤ ደስ ይላል፣ ግን አንዳንዱ ልጅ በማግሥቱም ያው ዕለት ይመስለዋል። በሄርዝል መንገድ ላይ በአረንጓዴው የሚመጣው ሹፌር ከጎን ብስክሌት ይገባብኛል ብሎ አይጠብቅም።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላቸው ወላጆች በተጨማሪ እነዚህን ያስታውሱ፦ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊነዳው አይፈቀድለትም፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር፣ የሞተሩ ጉልበትም ከ250 ዋት መብለጥ የለበትም፤ ካስዳ በማንኛውም ዕድሜ ግዴታ ነው። በተራ ብስክሌት ደግሞ ከተማ ውስጥ ካስዳ የሚገደደው ከ18 ዓመት በታች ያለው ነው፤ ለትልቁም ቢሆን ጭንቅላት አንድ ነው።

ሁልጊዜ የማያያችሁ ራምዞር ካለ ዝም አትበሉ። የጋላዩን ትብነት ባለሙያ ሣጥኑን ከፍቶ ሊጨምረው ይችላል፤ አስፋልት መቆፈር የግድ አይደለም። ግን ካልተነገረው አያውቅም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አዲስ የሚተከሉ እንዲህ ያሉ መብራቶች ብስክሌትንና ሞተር ብስክሌትን እንዲያዩ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። በከተማው ውስጥ ላለ መብራት ወደ ኢሪያው ሞኬድ በ106 ይደውሉ። ዕብራይስጥ የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢይዙ ይበቃል፦ «ሃጋላይ ባራምዞር ሎ መዛሄ ኦፋናይም»፤ የራምዞሩ ጋላይ ብስክሌት አይለይም ማለት ነው። የሁለቱን መንገዶች ስም፣ ከየት ወደየት እንደሚሄዱና ሰዓቱን ይንገሯቸው። ከመዝጋትዎ በፊት «ሚስፓር ፕኒያ» ብለው የጥሪውን ቁጥር ይጠይቁና ይጻፉ፤ ቁጥር ሳይኖርዎት ዳግም ሲደውሉ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩት። ከከተማ ውጭ ያሉት የአውራ ጎዳና መስቀለኞች ግን አብዛኞቹ የኔቲቬይ ይስራኤል ኩባንያ ናቸው፤ ሞኬዱ ወደዚያ ቢመራዎት እንደ ማባረር አይቁጠሩት።

አሁን ወደ ሥራ ነገር ልመለስ። ተቀጣሪ ሠራተኛ ከቤቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ በብስክሌት አደጋ ከደረሰበት በቢቱዋህ ለኡሚ ዘንድ የሥራ አደጋ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት የት፣ መቼ፣ ወዴት ሲሄድ እንደወደቀ በግልጽ ይናገር፤ ከአሠሪውም «ቶፌስ 250» የተባለውን ቅጽ ይጠይቅ። «ብስክሌት ስነዳ ወደቅሁ» ብሎ ብቻ የተጻፈ ወረቀት በኋላ ያከራክራል። ምግብ የሚያደርሱ ወጣቶች ነገር ደግሞ ይለያል። ክፍያቸው በተላኩበት ቁጥር ስለሆነ ቀይ መብራት ላይ የሚያልፈው ጊዜ ከኪሳቸው የሚወጣ ይመስላቸዋል፤ ብዙዎቹም ደመወዝተኛ ሳይሆኑ «አጽማኢ» ተብለው ነው የሚሠሩት። አጽማኢ የሆነ ሰው ለሥራ አደጋ መብት የሚኖረው ከአደጋው በፊት በቢቱዋህ ለኡሚ ተመዝግቦ ከሆነ ነው። ልጅዎ በዚህ ሥራ ላይ ከሆነ መመዝገቡን ዛሬ ማታ ሲገባ ይጠይቁት።